የልብስ ሰፊው እስክስታ

ፍሬው ልብስ ሰፊ ነው። ንፋስ መውጫ ከገበያው በላይ ባለችው ጠባብ ሱቁ ቁጭ ብሎ የስንቱን ሙሽራ ሱሪ ለክቷል፣ የስንቱን ሚዜ ኮት አጥብቧል። እሱ ራሱ ግን ሠርግ ቤት ሲገባ ከምግቡም ከመጠጡም በፊት የሚያየው የሚሸሽበትን በር ነው። ጭፈራ አይሆንለትም። ጭብጨባው ሞቅ ማለት ሲጀምር ስልክ እንደ ተደወለለት ሰው ጆሮውን ይዞ ይወጣል። በገዛ ሠርጉ እንኳ "ሙሽሮቹ ይነሡ!" ሲባል እግሬን ወለም ብሎኛል ብሎ ተቀምጦ ዋለ፤ መሄጃው ሲደርስ ግን ወለምታውን ረስቶት በሁለት እግሩ ዘሎ መኪናው ላይ ሲወጣ ሚዜዎቹ በሙሉ አይተውታል።

ሚስቱ ሃይማኖት ደግሞ የታች ጋይንት ልጅ ናት፣ ከአርብ ገበያ። የእናቷ ወገን በእስክስታ የታወቀ ነው። እናቷን እማማ ስንዱን በወጣትነታቸው ያየ ሰው ዛሬም ሲያወራ፣ ትከሻቸው ከሰውነታቸው ተለይቶ ለብቻው የሚሄድ ይመስል ነበር ይላል። ሃይማኖትም የእናቷን ወስዳለች። ግን ከፍሬው ጋር በተጋቡባቸው ዓመታት ሁሉ በየሠርጉ ብቻዋን ትነሣለች፣ ብቻዋን ወርዳ ወርዳ ብቻዋን ትቀመጣለች። ባሏ የት ሄደ ሲሏት፣ "ስልክ ተደውሎለት" ማለት ለምዳለች።

ነገሩን ያመጣችው ልጃቸው ቃልኪዳን ናት፤ ስምንት ዓመቷ ነው። በዐቢይ ጾም አጋማሽ የከተማው የወጣቶች የባህል ቡድን መሪ፣ አንተነህ የሚባል ቀልጣፋ ጎረምሳ፣ ትምህርት ቤታቸው መጥቶ ለዳግማይ ትንሣኤ እሑድ የቤተሰብ የጭፈራ ቀን መሰናዳቱንና ዳኞች ለመረጡት ቤተሰብ በግ እንደሚሸለም ተናገረ። ከላይ ጋይንትም፣ ከታች ጋይንትም፣ ከስማዳም፣ ከእስቴም ቤተሰቦች ይመጣሉ። "ፋሚሊ ሾው ነው" አላቸው። "አያት፣ አባት፣ እናት፣ ልጅ። አራቱም አብረው ካልጨፈሩ አይቆጠርም። በሉ፣ አባቱ የሚጨፍር እጁን ያውጣ!"

ቃልኪዳን ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ሁለቱንም እጆቿን አወጣች።

"ለምን ትዋሻለሽ?" አላት ፍሬው፣ ከትምህርት ቤት መጥታ ስትነግረው። በአፉ የያዘውን መርፌ ሊውጠው ምንም አልቀረው።

"አልዋሸሁም" አለች። "ትችል ይሆናላ። ሞክረህ ታውቃለህ?"

ፍሬው መርፌውን ከአፉ አወጣ። ሚስቱን ቀና ብሎ ሲያይ ሃይማኖት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች፤ ትከሻዋ በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ሳቁ ሲያልፍላት ዞር አለችና፣ "እማዬን ልጥራት?" አለችው፣ እንደ ዘበት። ዘበት ግን አልነበረም። ዓይኖቿን አያቸው። ይህን ጥያቄ ከሠርጋቸው ዕለት ጀምራ ይዛው የኖረች መሰለው።

"ጥሪያቸው" አለ፤ አፉ ከልቡ ቀድሞ።

እማማ ስንዱ በሦስተኛው ቀን በሚኒባስ መጡ። ለአማች የሚሆን ሰላምታ ሰጥተው፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ስበው፣ ከፍሬው ፊት ለፊት ሳይሆን ገደድ ብለው ተቀመጡ። ፍሬውም እንደ ወጉ ብድግ አለ፣ እንደ ወጉ አንገቱን ደፋ። እነዚህ ሁለት ሰዎች ዐሥር ዓመት ሙሉ "እንደምን ከረሙ"፣ "እግዚአብሔር ይመስገን" ከመባባል አልፈው አያውቁም። እሳቸው አንቱ ይሉታል፤ እሱም እሳቸው ባሉበት እንጀራ ሲቆርስ እንኳ እጁ ይተሳሰራል። እንግዲህ እኚህን ሴት ነው ደረቱን ነፍቶ፣ ትከሻውን ነቅንቆ፣ ፊት ለፊት እያየ ሊጨፍርላቸው የተስማማው። ማታውኑ ሳይቆጨው አልቀረም።

ችግሩ ግን መጀመሪያ የመጣው ከሳቸው ነው። "ጾም ነው" አሉ እማማ ስንዱ። "በሁዳዴ እስክስታ? እኔ? አላደርገውም።"

"እስከ ፋሲካ ከጠበቅን እኮ የቀረን አንድ ሳምንት ብቻ ነው" አለች ሃይማኖት።

እማማ ስንዱ በነጠላቸው ጫፍ ሥር የፍሬውን ትከሻ አሻግረው አዩ። "አንድ ሳምንትስ አይበቃም" አሉ በመጨረሻ። "አባን እንጠይቃለን።"

አባ ገብረ ማርያም የቤተሰቡ የነፍስ አባት ናቸው። ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ከዋርካው ሥር አገኟቸው። እማማ ስንዱ ጉዳዩን ሲያስረዱ ፍሬው አንገቱን ደፍቶ ከኋላ ቆሟል። አባ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። ነገሩን በቀላሉ አላዩትም፤ አንዳች የመጽሐፍ ትርጓሜ እንደ ቀረበላቸው ሁሉ ከወዲያ ወዲህ መረመሩት።

"ጭፈራ ማለት ምንድን ነው?" አሉ በመጨረሻ። "ከበሮ አለበት፣ ጭብጨባ አለበት፣ እልልታ አለበት፣ ደስታ አለበት። እነዚህ ከሌሉ ትከሻ መነቅነቅ ነው። ትከሻማ አራሹም ይነቀንቃል፣ ወቂውም ይነቀንቃል፤ ማን ከለከለው?"

"እና ይፈቀዳል ማለት ነው፣ አባቴ?"

"ይፈቀዳል። ከበሮ እንዳይመታ፣ እጅ እንዳይጨበጨብ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ደስ እንዳይላችሁ።"

"ለእሱስ አያስቡ" አሉ እማማ ስንዱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "የአማቼን ትከሻ አይቶ ደስ የሚለው ሰው አልተፈጠረም።"

ዝቅ ያለው ድምፅ ግን ንፋስ መውጫ ላይ አይደበቅም፤ ነፋሱ ይዞት መጥቶ ለፍሬው ጆሮ አስረከበው።

ልምምዱ በማግስቱ ከሱቁ ጓሮ ተጀመረ። እማማ ስንዱ አማቻቸውን በእጃቸው መንካት ነውር ስለሆነባቸው የእንጨቱን ሜትር ከስፌት መኪናው አጠገብ አንሥተው መጡ። በሜትሩ ጫፍ የግራ ትከሻውን ነካ አደረጉና፣ "ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይኼኛው ይነሣ" አሉት።

ሁለቱም ተነሡ።

"አንዱ ብቻ።"

አንዱ ተነሣ፤ ጭንቅላቱም አብሮት ዘመም አለ።

"ራስዎን ይተዉት። ራስዎ ምን አደረገ?" አሉ እማማ ስንዱ። "ራስዎ ቤተ ክርስቲያን ይሂድ፤ ትከሻዎ እዚህ ይቅር።"

ቃልኪዳን መሬት ላይ ወድቃ ሳቀች። "አባ ደስ እንዳይላችሁ ብለዋል!" ብለው ተቆጧት አያቷ። እሳቸው ራሳቸው ግን ነጠላቸውን ከአፍንጫቸው አልፈው እስከ ዓይናቸው ስበውት ነበር።

እንዲህ እያለ ቀን ቀንን ተካ። ያለ ከበሮ፣ ያለ ጭብጨባ፣ ያለ ዜማ፣ ጭው ባለ ጓሮ ውስጥ አንድ ጎልማሳ ትከሻውን ያነሣል፣ ይጥላል፤ አንዲት አሮጊት በሜትር ይጠቁሙታል። ፍሬውን ግን ዝምታው አስቸገረው። ምቱን በምን ይያዘው? እማማ ስንዱ ከልጅነታቸው የሰሙት ከበሮ በደማቸው ውስጥ ስላለ ዝም ባለውም ቦታ ይሰሙታል። እሱ ውስጡን ቢያዳምጥ የሚሰማው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ ዕድሜ ልኩን በእግሩ ሲረግጠው የኖረው የስፌት መኪና። ጠቅጠቅጠቅጠቅ ይልና ጨርቁ ጥግ ሲደርስ ቆም። ጨርቁ ይዞራል። ከዚያ እንደገና ጠቅጠቅጠቅጠቅ። ለማንም ሳይናገር ትከሻውን በሱ ላይ አስኬደው። ሄደለት! አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግራና ቀኙ ተራ በተራ ሲሠሩለት፣ ደረቱ እንደ ተፈታ ነዶ ሲለቅለት፣ እማማ ስንዱ ሜትሩን ዝቅ አደረጉ።

"እንዴ" አሉ።

ፍሬው በዚያ ቃል ደስ አለው። በጣም ነው ደስ ያለው። በበነጋው ልቡ አላርፍ ቢለው አባ ገብረ ማርያም ዘንድ ሄደ።

"አባ፣ ደስ አለኝ" አለ።

"አላልኩህም?" አሉ አባ። "ብዙ ነው?"

"ብዙ ነው መሰለኝ።"

አባ ስግደት ጨመሩበት። ፍሬው ግን ስግደቱ የሠራለትን ለአባ አልነገራቸውም፤ ጠዋት ማታ መውደቅ መነሣቱ ተቀምጦ ሲሰፋ የደረቀውን ወገቡን አፍታታው፣ ከዚያ በኋላ እስክስታው ቁልቁል መውረድ ጀመረለት። ሲወርድለት ደግሞ እንደገና ደስ አለው፤ እንደገና ስግደት። በሕማማት ማንም ሰው የፍሬውን ያህል የሚሰግድ አልነበረም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ትጋቱን አይቶ ተደነቀ።

እማማ ስንዱ ለጭፈራው እሑድ ሊመለሱ ተነጋግረው ለፋሲካ ወደ ቤታቸው ወረዱ። የፋሲካው ሳምንት ደግሞ የሠርግ ሳምንት ሆነና የፍሬው ሱቅ በሙሽራ ልብስ ታጨቀ። ሃይማኖት ስልኳን እያሳየች፣ "በዘፈን አንድ ጊዜ እንኳ እንሞክረው እንጂ" ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ ከመኪናው ቀና ሳይል፣ "ግዴለም፣ ገብቶኛል" ይላታል። የገባው እውነት መስሎት ነበር።

እሑድ ደረሰ። የትምህርት ቤቱ ሜዳ ከቅዳሴ መልስ በነጭ በነጭ ለባሽ ሞልቷል። ሕፃናት በአባቶቻቸው ትከሻ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጎረምሶች አጥር ላይ ወጥተዋል፤ ነፋሱ የመድረኩን ሸራ ያርገበግበዋል፣ አንተነህም በአንድ እጁ ማይክሮፎን በአንድ እጁ ሸራውን ይዞ ያስተዋውቃል። ከበሮውን የሚመታው ጓዴ የሚባለው ሰው ነው፤ የጋይንት ሠርግ ያለሱ አይደምቅም። ትልቅ ሰውነቱን ከበሮው ላይ ደፍቶ ሲመታ መሬቱ ከእግር ሥር ይሰማል። ማሲንቆም አለ፣ አቀንቃኝም አለች።

ከመካነ ኢየሱስ የመጡት እስቴዎች ወጡ። አያታቸው በዱላ ተደግፈው መጡ፤ መድረኩ ላይ ሲደርሱ ዱላውን ለልጅ ልጃቸው አቀበሉና እንደ ሃያ ዓመት ጎረምሳ ወረዱት። ሜዳው ተናወጠ። ከስማዳ የመጡትም ደግ አድርገው ተጫወቱ። ፍሬው የሚሸሽበትን በር በዓይኑ ፈለገ፤ ሜዳ በር የለውም።

"ቀጥሎ የንፋስ መውጫው ልብስ ሰፊ፣ ፍሬውና ቤተሰቡ!"

ሲወጡ ጭብጨባው መልካም ነበር፤ ልብሱ ነው የተጨበጨበለት። አራቱንም አንድ ዓይነት ጥልፍ አድርጎ ሰፍቶላቸዋል፤ ሰው ሁሉ "ወይ ጥልፍ!" አለ። ከዚያ ጓዴ ከበሮውን መታ።

ፍሬው ጀመረ። ጠቅጠቅጠቅጠቅ፤ ቆም።

ከበሮው ግን አልቆመም። ፍሬው ትከሻውን አየር ላይ ሰቅሎ፣ ጨርቅ የሚያዞር ይመስል ጸጥ ብሎ ቆሟል፤ ከበሮው ድም ድም እያለ አልፎት ይሄዳል። ሊይዘው ተቻኮለ። ሲቻኮል ቀደመው፤ ሊጠብቀው ሲሞክር ወደ ኋላ ቀረ። ሃይማኖት በከበሮው ላይ ናት፣ ቃልኪዳን መሐል ቤት ናት፣ እሱ በስፌት መኪናው ላይ ነው። አጥሩ ላይ የተቀመጡት ጎረምሶች ሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ እንደ ሰደድ እሳት ሜዳውን ዞረ።

"አባዬ፣ የት እየሄድክ ነው?" አለች ቃልኪዳን ጥርሷን ነክሳ።

የት እንደሚሄድ ያውቀዋል፤ ወደ ቤቱ ነው የሚሄደው። እግሩ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ተነሣ፤ እጁም የሌለውን ስልክ ሊይዝ ወደ ጆሮው እያመራ ነበር።

ያኔ እማማ ስንዱ አዩት። እኚህ ሴት በዕድሜያቸው ሙሉ አንድ ምት ስተው አያውቁም። ሜዳው ላይ የሚያውቋቸው ሰዎች አሉ፤ ከአርብ ገበያ ድረስ እሳቸውን ለማየት ብለው የመጡ አሉ። አማቻቸውን አዩ፣ የሚስቀውን ሰው አዩ፣ ከዚያ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገፈፍ አደረጉና ወገባቸው ላይ አሰሩት። የከበሮውን ምት ለጓዴ ተዉለት። በፍሬው ፊት ለፊት መጥተው ቆሙ።

"አንተ ፍሬው!" አሉት። "ምን ያስደነግጥሃል! ዓይኔን እያየህ ግፋው! እንደ ጀመርክ ግፋው!"

አንተ ብለውት አያውቁም። ስሙንም ጠርተው አያውቁም። ፍሬው ደንግጦ ዓይናቸውን አየ፤ ያለ ነጠላ ፊታቸውን ሲያይ የመጀመሪያው ነው፤ ለካ ሃይማኖትን ቁርጥ ናቸው። ትከሻው በራሱ ጊዜ ተነሣ። ጠቅጠቅጠቅጠቅ። እማማ ስንዱ ተከተሉት። ቆም። እሳቸውም ቆሙ፤ ትከሻቸው አየር ላይ እንደ ተንጠለጠለ። በጓሮው ዝምታ ውስጥ ያን ሁሉ ቀን ሲያዩት ኖረው የት ላይ እንደሚቆም ያውቁታል። እንደገና ጠቅጠቅጠቅጠቅ። ሃይማኖት እናቷን አይታ ሳቀች፤ እየሳቀች ከበሮውን ለቅቃ ወደነሱ ገባች። ቃልኪዳንማ ድሮም የሚጠራት ነበር የጠፋው።

አሁን አራቱም አንድ ላይ ናቸው፤ የተሳሳተው ጓዴ ሆነ።

ጓዴ ከበሮ ከያዘ ጀምሮ ሰው እሱን ሲከተል እንጂ እሱ ሰው ሲከተል አያውቅም። መጀመሪያ ተናደደና ጠበቅ አድርጎ መታ። ማንም አልሰማውም። ከዚያ እጁን ከበሮው ላይ አሳርፎ፣ አንገቱን ቀልሶ አዳመጣቸው፤ ድምፅ የለም፣ የልብሳቸው ሹክሹክታ ብቻ። በሦስተኛው ዙር ላይ ፊቱ ፈካ አለ። እጁን አነሣ። ድድድድድ አለና እነሱ ሲቆሙ አብሮ ቆመ።

ያቺ ቆም ያሉባት ቅጽበት! ሜዳው በሙሉ ትንፋሹን ያዘ። ሸራው ብቻ ተርገበገበ። በመሐሉ አንዲት ሴት መታገሥ አቅቷት እልል አለች፤ እልልታዋ ሲያበቃ አራቱ ትከሻዎች ባንድነት ወረዱ። በሚቀጥለው ቆምታ ሜዳው በሙሉ "እሰይ!" ብሎ ሞላው። ከዚያ ወዲያ ጭፈራው የነሱ ብቻ መሆኑ ቀረ። አጥር ላይ ያሉት ጎረምሶች እየሳቁ ከአጥሩ ወርደው ትከሻቸውን ያስኬዱ ነበር፤ ሳቁ ግን የቀድሞው ሳቅ አልነበረም። ፍሬው መቼ እንዳቆሙ አያስታውስም። የሚያስታውሰው ሃይማኖት ክንዱን ይዛ፣ "ስልክ ተደውሎልህ ነበር እንዴ?" ስትለውና ሁለቱም እንባቸው እስኪወርድ ሲስቁ ነው።

ዳኞቹ ተቸገሩ። ረጅም ሰዓት ተጨቃጭቀው በመጨረሻ አንዱ ማይክሮፎኑን ያዘ። "በጉ ለእስቴዎቹ ነው፤ ይገባቸዋል" አለ። ሰው አጨበጨበ። "የልብስ ሰፊውን ቤተሰብ በተመለከተ፣ እስክስታው ስሕተት ነው። ከበሮም ዘፈንም አልጠበቀም። ግን አራቱም አንድ ዓይነት ስሕተት ነው የሠሩት፤ ይኼ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም።" ለዚህ ሽልማት ስላልተዘጋጀ አንተነህ ለዳኞቹ ሻይ የመጣበትን ፔርሙስ ሻዩን ደፍቶ ሰጣቸው።

ወደ ቤት ሲመለሱ እማማ ስንዱ ነጠላቸውን መልሰው እስከ አፍንጫቸው ስበው፣ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርተው ሄዱ። ደስታው በርዶላቸው ነገሩ ትዝ ብሏቸዋል።

"አንተ አልኩዎት" አሉ፣ ፍሬው ሊጠብቃቸው ሲቆም። "በሰው ፊት። ምን ዓይነት ሴት ነኝ?"

"እማማ፣ ባይሉኝ ኖሮ ይኼኔ ቤቴ ገብቼ በሩን ቆልፌ ነበር።"

"ቢሆንም።"

"እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ አንተ ይበሉኝ።"

"ኧረ ወዲያ! ሰው ምን ይለኛል?" ብለው ደነገጡ። ትንሽ ሄዱና ግን ቆም አሉ፤ አባ ገብረ ማርያም እንዳደረጉት ነገሩን ከወዲያ ወዲህ መረመሩት። "ስንጨፍር አንተ" አሉ። "ስንቀመጥ አንቱ።"

ፍሬው ተስማማ።

ሰኞ ጠዋት ሱቁን ከፍቶ የመጀመሪያውን ክር ሲያስገባ አንድ ደልደል ያሉ ሰው ኮፍያቸውን አውልቀው ገቡ። ልጃቸውን በሳምንቱ መጨረሻ ሊድሩ ነው።

"ይቀመጡ" አላቸው ፍሬው፣ ሜትሩን ከአንገቱ እያወረደ። "ለሙሽራው ነው ለሚዜዎቹ?"

"የለም የለም" አሉ ሰውየው። "ልብሱንማ ትልቁ ከተማ ወርደን አሰፍተናል። የመጣሁት ለጭፈራው ነው። እናንተ አራታችሁ ካልመጣችሁ ልጄ ሠርጌ አይባልም ብላለች።"

ፍሬው ሜትሩን እንደ ያዘ ቀረ። ሃያ ዓመት የሰፋበት እጁ በዚህች ሱቅ ውስጥ እንዲህ ተንቆ አያውቅም፤ ትከሻው ደግሞ እንዲህ ተከብሮ አያውቅም። የትኛው እንደሚሰማው ለጊዜው ጠፋው። ከዚያ ሚስቱንም፣ አማቱንም፣ ማንንም ሳያማክር፣ "እንመጣለን" አለ።

ሰውየው አመስግነው ሊወጡ ሲሉ ከበሩ ላይ ጠራቸው።

"የሙሽራውን ሱሪ ግን ከሠርጉ በፊት አምጡልኝ" አላቸው። "የከተማ ሰፊዎች እግሩን ያረዝማሉ፤ ሲጨፍር ይጠልፈዋል።"